የጌሙ ንፋስ ሰነዱ ከየት ነው?



ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ እትም የትምህርት ዓምድ የምናነሳው ጉዳይ በየዶርሙ ደጋግሞ የሚያከራክር ነው። ከዒሻ በኋላ ላፕቶፕ ተከፍቶ የመኪና ውድድር ሲጀመር አንዱ «ይህ እኮ ሲሙሌተር ነው፤ የአየሩ ግፊት ሳይቀር እንደ እውነተኛው መኪና ተሰልቷል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጌም ጌም ነው፤ የልጅ ማታለያ ነው» ብሎ ያጣጥለዋል። ክርክሩ ይሞቃል፤ ጌሙ አየርን እንዴት እንደሚያሰላ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ጥያቄውን በቁም ነገር ልንይዘው ይገባል። ዛሬ ለመዝናናት የምንከፍተው ሲሙሌተር የሚሠራበት መንገድ፣ ነገ ሞተር፣ ድልድይ ወይም የቡና ማድረቂያ ስንነድፍ ከምንጠቀምበት ሶፍትዌር ጋር ዘመድ ነው። በአገራችንም አየርን በኮምፒውተር ማስመሰል ወሰን እንዳለው የ157 ሰዎች ሕይወት ያለፈበት አደጋ አሳይቶናል። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ከመሠረቱ እንጀምር። ከጤና፣ ከሕግ ወይም ከቢዝነስ ትምህርት ክፍል የሆናችሁም አትሽሹ፤ ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል በላይ አያስፈልግም።

1. አየር ይገፋል፣ ይጫናል

በሰቃም ሆነ በአጋሮ ያደግን ሁሉ እናቶቻችን የተወቀጠ ደረቅ ቡና በሰፌድ ሲያነፍሱ አይተናል። ፍሬውና ገለፈቱ አብረው ወደ ላይ ይነሳሉ፤ ፍሬው ተመልሶ ሰፌዱ ላይ ይወድቃል፣ ገለፈቱ ግን ከንፋሱ ጋር ይሄዳል። የሚነፍሰው ንፋስ ለሁለቱም አንድ ነው። ለገለፈቱ ግን የአየሩ ግፊት ከክብደቱ ይበልጣል፤ ለፍሬው ደግሞ ክብደቱ ከግፊቱ ይበልጣል። ከጅማ ወደ ሰቃ በባጃጅ ስንሄድ ከፊት የመጣ አይሱዙ በፍጥነት ሲያልፈን ባጃጇ ወደ ጎን የምትናጠውም በዚሁ ሕግ ነው። ቀላል ናት፤ የጭነት መኪናው የገፋው አየር ደግሞ ብዙ ነው።

ይህን ኃይል ለማስላት የምንጠቀምበት ቀመር አጭር ነው፦

የአየር ኃይል = ½ × የአየር እፍግታ × ፍጥነት × ፍጥነት × የቅርጽ ቁጥር × የፊት ስፋት

እፍግታ ማለት አንድ ሜትር ኩብ አየር ስንት ኪሎ ግራም እንደሚመዝን ነው። በባሕር ጠለል ላይ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ 1.225 ኪ.ግ ነው። የፊት ስፋት መኪናውን ከፊት ለፊት ስናየው የሚሸፍነው ስፋት ነው። የቅርጽ ቁጥር ደግሞ አየሩ በመኪናው ዙሪያ በምን ያህል ቅለት እንደሚያልፍ ይነግረናል፤ ለስላሳና ወደ ኋላ የሚሾል ቅርጽ ትንሽ ቁጥር አለው፣ እንደ ሣጥን ያለ ቅርጽ ትልቅ ቁጥር አለው።

አንድ ሚኒባስ እንውሰድ። ለምሳሌ ያህል የቅርጽ ቁጥሩ 0.4፣ የፊት ስፋቱ 3.2 ካሬ ሜትር ነው እንበል። በሰዓት 40 ኪ.ሜ ሲሄድ በባሕር ጠለል አየር ወደ ኋላ የሚይዘው ኃይል ወደ 97 ኒውተን ነው። ፍጥነቱ ሲያጥፍ፣ ማለትም 80 ሲገባ፣ ኃይሉ ወደ 387 ኒውተን ይደርሳል። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሆነ፣ ኃይሉ ግን አራት እጥፍ። በቀመሩ ውስጥ ፍጥነት ሁለት ጊዜ ስለተባዛ ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ ላይ እንመለስባታለን።

ወደ ኋላ የሚይዘው ኃይል ድራግ ይባላል። በውድድር መኪና ላይ ሌላም ኃይል አለ፤ እሱም ዳውንፎርስ ነው። የአውሮፕላን ክንፍ አየሩን ተጠቅሞ ወደ ላይ ያነሳል፤ የውድድር መኪና ክንፍ ደግሞ ተገልብጦ ስለተገጠመ መኪናውን ወደ መሬት ይጫነዋል። ጎማው በደንብ ስለሚጫን ኩርባ ላይ አይንሸራተትም። የፎርሙላ 1 መኪና በከፍተኛ ፍጥነት ላይ የሚጫነው የአየር ኃይል ከራሱ ክብደት ይበልጣል። በዚያ ውድድር ኤሮዳይናሚክስ ሞተሩን ያህል ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

2. ኮምፒውተሩ አየሩን አያየውም

ብዙዎቻችን ሲሙሌተር ስንል ኮምፒውተሩ በመኪናው ዙሪያ የሚፈሰውን አየር አንድ በአንድ የሚከታተል ይመስለናል። እንዲህ ያለ ስሌት አለ፤ ሲ.ኤፍ.ዲ ይባላል። በመኪናው ዙሪያ ያለውን ቦታ በሚሊዮኖች ወደሚቆጠሩ ትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ውስጥ የአየሩን ፍጥነትና ግፊት ያሰላል። ነገር ግን ለአንድ መኪና፣ ለአንድ አቀማመጥ፣ ብዙ ኮምፒውተሮች ተያይዘው ሰዓታት ይፈጃል።

ጌሙ ይህን ያህል ጊዜ የለውም። ጣሊያናዊው ኩኖስ ሲሙላዚዮኒ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው አሴቶ ኮርሳ የመኪናውን ፊዚክስ በሴኮንድ 333 ጊዜ ያሰላል። ስለዚህ አቋራጭ መንገድ ያስፈልጋል፤ አቋራጩም ሠንጠረዥ ነው።

በአሴቶ ኮርሳ እያንዳንዱ መኪና የራሱ የኤሮዳይናሚክስ ፋይል አለው። በፋይሉ ውስጥ መኪናው እንደ ጥቂት ክንፎች ይቆጠራል፤ አካሉ አንድ፣ የፊት ክንፉ አንድ፣ የኋላ ክንፉ አንድ። ለእያንዳንዱ ስፋቱና መኪናው ላይ ያለበት ቦታ ይጻፋል። ከዚያ ሠንጠረዥ ይከተላል፦ ክንፉ በዚህ ማዕዘን ሲያዘነብል ወደ ታች የሚጫነው ቁጥር ይህን ያህል፣ ድራጉ ይህን ያህል፤ ከመሬት ያለው ከፍታ ይህን ያህል ሲሆን ደግሞ ይህን ያህል። ጌሙ በየቅጽበቱ ማዕዘኑንና ከፍታውን ያያል፣ ከሠንጠረዡ ቁጥሩን ያወጣል፣ ከላይ ባየነው ቀመር ያባዛል። በቃ። አርፋክተር የተባለው ቀደም ያለ ሲሙሌተርም በተመሳሳይ መንገድ የፊት ክንፍ፣ የኋላ ክንፍ፣ አካልና ዲፊዩዘር ብሎ ከፍሎ ቁጥር ይሰጣል።

ይህ ዘዴ የሚናቅ አይደለም። ፍጥነት ሲያጥፍ ኃይሉ አራት እጥፍ የሚሆነው በጌሙም ውስጥ ነው። የኋላውን ክንፍ ስታቆሙት ቀጥታ መንገድ ላይ ፍጥነት ትቀንሳላችሁ፣ ኩርባ ላይ ትረጋላችሁ፤ ይህም እውነት ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው አፍንጫ ወደ መሬት ቀርቦ ጭነቱ ወደ ፊት ሲሸጋገር ጥሩ ሲሙሌተር ያሳያል። እነዚህን ለማስተማር ከብላክ ቦርድ ይሻላል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጥያቄው የሚመጣው ሠንጠረዡ ላይ ነው። ማን ሞላው? አንዳንዱ ቁጥር የመኪና አምራቹ ከሰጠው መረጃ የተወሰደ ነው። አንዳንዱ ከታወቀ ከፍተኛ ፍጥነትና ከውድድር ሰዓት ወደ ኋላ ተሰልቶ የተገኘ ነው። በጎ ፈቃደኞች ሠርተው በሚለቋቸው ሞድ መኪኖች ላይ ደግሞ ሠሪው ቅርጹን አይቶ የገመተው ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ ላይ ግን ሦስቱም አንድ ይመስላሉ፤ የሞተሩ ድምፅ ያምራል፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ስክሪኑ የተለካውን ከተገመተው ለይቶ አያሳየንም።

3. የእኛ አየር ቀላል ነው

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ጅማና አካባቢዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በላያችን ያለው አየር ስለሚቀንስ ግፊቱ ይቀንሳል፤ አየሩም ይሳሳል። በ1,750 ሜትር ላይ፣ ቀኑ 20 ዲግሪ ሲሆን፣ የአየሩ እፍግታ ወደ 0.97 ኪ.ግ በሜትር ኩብ ይሆናል። ከ1.225 ጋር ስናነጻጽረው 20 በመቶ ያህል ቀንሷል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 2,334 ሜትር ላይ ስለሆነ በተመሳሳይ ሙቀት ቅናሹ ወደ 26 በመቶ ይጠጋል። አንድ አውሮፕላን ከቦሌ ሲነሳ ባሕር ዳርቻ ካለ ማረፊያ ይልቅ ረጅም ርቀት መንደርደር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የሳሳው አየር ክንፉን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይጠይቃል።

ያ 80 ኪ.ሜ የሚሄደው ሚኒባሳችን በባሕር ጠለል 387 ኒውተን ነበር የሚይዘው። እዚህ በእኛ አየር 308 ኒውተን ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን ቶሎ አትደሰቱ፤ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር የሚተነፍሰውም ይህንኑ ሳሳ ያለ አየር ስለሆነ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ዳገት ላይ «ይሄ መኪና ለምን ደከመ?» የምንለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህ በዓለም ውድድርም የታወቀ ጉዳይ ነው። የሜክሲኮ ሲቲ የፎርሙላ 1 መወዳደሪያ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ይገኛል፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አይርቅም። ቡድኖቹ እዚያ ሲሄዱ እንደ ሞናኮ ላሉ ጠመዝማዛ መንገዶች የሚጠቀሙበትን ትልቁን ክንፍ ይገጥማሉ። የሚያገኙት ዳውንፎርስ ግን ጣሊያን ሞንዛ ላይ፣ በባሕር ጠለል አቅራቢያ፣ በትንሹ ክንፍ ከሚያገኙት ጋር ይቀራረባል። ክንፉ ያው፣ ፍጥነቱ ያው፤ የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድን ሲሙሌተር ለመፈተን ጥሩ ጥያቄ ይህ ነው፦ ከፍታን ያውቃል? አይሬሲንግን የመሳሰሉ ሲሙሌተሮች የአየሩ እፍግታ ከአየር ጠባዩ ጋር እንዲለዋወጥ ያደርጋሉ። ነገር ግን አንድ ሰው የጅማን መንገድ በሞድ ሠርቶ ቢያመጣልንና የአየሩን ቁጥር 1.225 ላይ እንዳለ ቢተወው፣ ዛፉ የእኛ፣ አስፋልቱ የእኛ፣ አየሩ ግን የባሕር ዳርቻ ይሆናል። ዓይናችን «ይሄ የሰቃ መንገድ ነው» ሲል፣ ስሌቱ ሌላ አገር ነው ያለው።

4. ሠንጠረዡ የማያውቀው

እስካሁን ያየነው መኪናው ብቻውን፣ በተረጋጋ አየር ውስጥ ሲሄድ ነው። እውነተኛ መንገድና እውነተኛ ውድድር ግን እንዲህ አይደለም።

በመጀመሪያ፣ ከሌላ መኪና ጀርባ መሄድ አለ። ፊት ያለው መኪና አየሩን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከኋላው የተረበሸ አየር ይቀራል። የሚከተለው መኪና ድራጉ ስለሚቀንስ ይፈጥናል፣ ዳውንፎርሱም ስለሚቀንስ ኩርባ ላይ ይንሸራተታል። ፎርሙላ 1 ራሱ ባሳተመው አሃዝ መሠረት የ2021 መኪና ከፊቱ ካለው 20 ሜትር ሲርቅ 35 በመቶ፣ 10 ሜትር ሲርቅ ደግሞ 46 በመቶ ዳውንፎርስ ያጣ ነበር፤ የ2022 መኪና ንድፍ ይህን ወደ 4 እና 18 በመቶ እንዲያወርድ ታስቦ ተሠራ። በጌም ውስጥ ይህ የተረበሸ አየር አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው ጀርባ እንደተዘረጋ፣ እየራቀ ሲሄድ እንደሚደክም ቀላል ቅርጽ ይሳላል። የተከታዩን ድራግ ይቀንሳል፤ የተሻሉት ዳውንፎርሱንም ይቀንሳሉ። የአየሩን መሽከርከርና መናጥ ግን በሴኮንድ 333 ጊዜ ማስላት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ የጎን ንፋስ አለ። ሠንጠረዡ ብዙ ጊዜ የተሞላው አየሩ ከፊት ለፊት ሲመጣ ነው። ከጎን ሲመጣ ምን እንደሚሆን በአንድ ቀላል ማባዣ ይታለፋል። ያ አይሱዙ ባጃጇን ሲያልፍ የሚፈጠረው መጀመሪያ የሚገፋ፣ ቀጥሎ የሚስብ ምት በውድድር ጌም ውስጥ የሚገኝ ነገር አይደለም። በጌም የለመደ እጅ ሞተር ሳይክል ይዞ አስፋልት ላይ ሲወጣ ያልተማረው ትምህርት አንዱ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ባለሙያዎቹም ራሳቸው ይሳታሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ፎርሙላ 1 ከመኪናው ሆድ ሥር በሚያልፍ አየር የሚጫን አዲስ ንድፍ አስገባ። ቡድኖቹ በሲ.ኤፍ.ዲም፣ በዊንድ ተነልም አጥንተውት ነበር። ዊንድ ተነል ማለት ሰው ሠራሽ ንፋስ የሚነፍስበት የመፈተሻ ክፍል ነው። የካቲት ላይ መኪኖቹ ለሙከራ ሲወጡ ግን በቀጥታ መንገድ ላይ በፍጥነት ወደ ላይና ወደ ታች መዝለል ጀመሩ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ መኪናው ወደ መሬት ሲቀርብ አየሩ የበለጠ ይስበዋል፤ በጣም ሲቀርብ የአየሩ መንገድ ይታነቃል፣ ጭነቱ በድንገት ይጠፋል፣ መኪናው ይነሳል፤ ሲነሳ አየሩ እንደገና ያልፋል፣ እንደገና ይሳባል። በደንቡ መሠረት ዊንድ ተነል ውስጥ የሚገባው ሞዴል የመኪናውን 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ንፋሱም በሰዓት ከ180 ኪ.ሜ አይበልጥም። ዝላዩ የሚመጣው ደግሞ ከዚያ በላይ ባለ ፍጥነትና ስፕሪንጉና ጎማው አብረው ሲንቀሳቀሱ ነው። ፈተናው ያልጠየቀውን ጥያቄ መልሱ ሊይዘው አልቻለም።

5. ወሰኑ ሕይወት ሲሆን

ጌም ላይ ስሌቱ ቢሳሳት ከመንገድ ወጥተን እንደገና እንጀምራለን። አውሮፕላን ላይ ግን እንደገና መጀመር የለም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ 8፣ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነስቶ ከስድስት ደቂቃ ያህል በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለፉ። ከአምስት ወር ገደማ በፊት፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ወገኖቻቸውን ላጡ ሁሉ አላህ ሶብሩን ይስጣቸው።

ጉዳዩ የኤሮዳይናሚክስ ጉዳይ ነው። ማክስ ትልልቅ ሞተሮች ስለተገጠሙለት አፍንጫው ብዙ ወደ ላይ ሲያቀና ጠባዩ ከቀድሞው 737 ይለይ ነበር። ያንን ለማካካስ ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ተጨመረ፤ አፍንጫው ከመጠን በላይ ተነስቷል ብሎ ሲያምን የኋላውን ክንፍ አዙሮ አፍንጫውን ወደ ታች ያደርጋል። በ302 ላይ በግራ በኩል ያለው የማዕዘን መለኪያ ከመነሳቱ ብዙም ሳይቆይ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ። ኤምካስም ያንን ቁጥር አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። የመጀመሪያ ደረጃው የምርመራ ሪፖርት እንደሚያሳየው አብራሪዎቹ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያውን አጥፍተው የኋላውን ክንፍ በእጅ በሚዞረው ጎማ ለመመለስ ሞከሩ፤ አልሠራም።

አሁን ያዙልን ወዳልናችሁ ነጥብ እንመለስ። ፍጥነት ሲያጥፍ የአየር ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የአውሮፕላኑ ፍጥነት ከተፈቀደው ከፍተኛ ገደብ አልፎ ነበር፤ በኋላው ክንፍ ላይ ያረፈው የአየር ኃይልም በዚያው ልክ በርትቶ ነበር። ያ ጎማ በዝግታ በረራ ላይ በእጅ ይዞራል፤ በዚያ ፍጥነት ግን የሰው ክንድ የማይበግረው ይሆናል። ሚኒባሱን 40 እና 80 ላይ ያነጻጸርንበት ያው ቀመር ነው።

ሲሙሌተሩስ? አየር መንገዱ በወቅቱ የ737 ማክስ ሙሉ የበረራ ሲሙሌተር ከነበራቸው ጥቂት አየር መንገዶች አንዱ ነበር። በዚያው መጋቢት ወር ባወጣው መግለጫ ግን ሲሙሌተሩ የኤምካስን ችግር ለማስመሰል ተብሎ የተሠራ እንዳልሆነ አስታወቀ። ግንቦት 2011 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ቦይንግ የማክስ ሲሙሌተሮች ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል ማሳየት የማይችል እንደነበረና እንዳስተካከለው ገለጸ። በጊዜው የወጡ ዘገባዎች እንዳሉት ጉድለቱ በዚያ በእጅ በሚዞረው ጎማ ላይ የሚያርፈውን ኃይል የሚመለከት ነበር። የበረራ ሲሙሌተር በሚሊዮኖች ዶላር የሚገዛ፣ የአየር ስሌቱ ከአምራቹ የሚመጣ፣ በባለሥልጣን ተፈትኖ የሚጸድቅ መሣሪያ ነው። እሱም ቢሆን የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የተወሰደው እርምጃ ትምህርት አለው። ሲሙሌተርን «ውሸት ነው» ብሎ የጣለው የለም። ሶፍትዌሩ ተስተካከለ፤ የአሜሪካ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ኅዳር 2020 ማክስን ወደ በረራ ሲመልስ ለአብራሪዎች የሲሙሌተር ሥልጠና ግዴታ አደረገ። ከዚያ በፊት ከቀድሞው 737 ወደ ማክስ ለሚሸጋገር አብራሪ ይህ ግዴታ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን ወደ አገልግሎት የመለሰው እ.ኤ.አ. የካቲት 2022 ነው።

6. ለቁጥርም ሰነድ አለው

በመድረሳ የተማርን ሰዎች አንድ ዘገባ ሲነገረን መጀመሪያ የምንጠይቀውን እናውቃለን፦ ማን ዘገበው? እሱስ ከማን ሰማ? ቃሉ ቢያምርም ሰነዱ ደካማ ከሆነ አናጸናበትም። ሐዲስን ከጌም ጋር ማወዳደራችን አይደለም፤ ደረጃቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የምንወስደው የጥንቃቄውን ልማድ ነው። ዑለሞቻችን ያስለመዱን ይህ ጥንቃቄ ክፍል ውስጥ ስንገባ በር ላይ ጥለነው የምንገባው ነገር አይደለም።

ስለዚህ በላብራቶሪም፣ በመመረቂያ ፕሮጀክትም፣ በጌምም አንድ ቁጥር ሲሰጠን አራት ነገር እንጠይቅ፦

አንደኛ፣ ይህን ቁጥር ማን ለካው? ተለክቷል ወይስ ተገምቷል?

ሁለተኛ፣ የት ተለካ? በባሕር ጠለል ነው ወይስ በእኛ ከፍታ? በስንት ዲግሪ ሙቀት?

ሦስተኛ፣ እስከ የት ድረስ ተፈተነ? በየትኛው ፍጥነት፣ በየትኛው ማዕዘን?

አራተኛ፣ ከዚያ ወሰን ስናልፍ ሶፍትዌሩ ያስጠነቅቀናል ወይስ ዝም ብሎ ቁጥር ይሰጠናል?

አራተኛው ከሁሉም ከባዱ ነው። ሠንጠረዥ «አላውቅም» አይልም። መጨረሻው ላይ ያለውን ቁጥር ይደግማል ወይም መስመሩን አስረዝሞ ይቀጥላል። «አላውቅም» የማለት ኃላፊነት በተጠቃሚው ላይ ይወድቃል። ነገ ፊርማችን ያረፈበት ንድፍ ላይ ሰው ይሳፈራል፣ ሰው ይሻገራል፤ ያ ፊርማ አማና ነው።

7. ራሳችሁ ሞክሩት

ይህን ሙከራ በጌም ውስጥ ብቻ ሥሩት። በእውነተኛ አስፋልት ላይ እንዳትሞክሩት አደራ፤ መንገዳችን የእግረኛ፣ የባጃጅና የከብት ነው።

በሲሙሌተሩ ውስጥ ረጅም ሜዳማ መንገድ ያለው ቦታ ምረጡ። መኪናውን ከ130 ኪ.ሜ በላይ አድርሱት፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉት፣ ፍሬን አትንኩ። ፍጥነቱ ከ125 ወደ 115 ለመውረድ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ መዝግቡ፤ ቀጥሎ ከ65 ወደ 55። የመኪናውን ክብደት ከጌሙ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ለምሳሌ ክብደቱ 1,200 ኪ.ግ፣ የመጀመሪያው ሰዓት 5.4 ሴኮንድ፣ ሁለተኛው 12.8 ሴኮንድ ሆነ እንበል። 10 ኪ.ሜ በሰዓት ማለት 2.78 ሜትር በሴኮንድ ነው። ኃይል ማለት ክብደት በፍጥነት ለውጥ ተባዝቶ በጊዜ ሲካፈል ስለሆነ በ120 አካባቢ ወደ 617 ኒውተን፣ በ60 አካባቢ ወደ 260 ኒውተን ይሆናል። የጎማው ሰበቃ በሁለቱም ላይ አንድ ያህል ነው ብለን እንያዝ። እንግዲያው የ357 ኒውተን ልዩነት የመጣው ከአየሩ ነው። በ60 ያለው የአየር ኃይል በ120 ካለው አንድ አራተኛ ስለሆነ፣ ይህ ልዩነት የትልቁ ሦስት አራተኛ ነው። ስለዚህ በ120 የአየሩ ኃይል 476 ኒውተን፣ የጎማው 141 ኒውተን ገደማ ነው። ከዚህ ተነስታችሁ የቅርጽ ቁጥሩና የፊት ስፋቱ ብዜት 0.70 እንደሆነ በቀመሩ ማውጣት ትችላላችሁ።

አሁን ያንኑ መኪና በከፍታ ላይ ባለ ቦታ ሞክሩት። አየሩ እንደ ጅማ አየር 0.97 ቢሆን የአየሩ ኃይል ወደ 378 ኒውተን መውረድ አለበት፤ ከ125 ወደ 115 ለመውረድም 5.4 ሳይሆን 6.4 ሴኮንድ ገደማ መፍጀት አለበት። ጌሙ ከፍ ባለው ቦታም 5.4 ካለ፣ ከፍታውን አያውቅም ማለት ነው። አንድ ሴኮንድ ትንሽ ትመስላለች፤ ለክርክራችሁ ግን ከብዙ ጩኸት የተሻለ ማስረጃ ናት።

ሙከራውን የሠራችሁ የመኪናውን ስም፣ የቦታውን ከፍታና ሁለቱን ሰዓቶች በወረቀት ጽፋችሁ ለትምህርት ዓምዱ አዘጋጆች ስጡ። በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ በአንድ ሠንጠረዥ እናወጣቸዋለን፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎንም ማን እንደለካው፣ የትና በየትኛው ጌም እንደለካው ይጻፋል።